ክትባቱ ሠርቷል ወይ? የአንቲቦዲ ልኬት ትውውቅ

ክትባት የተወጋ ሰው ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሰውነቱ ለክትባቱ ምን መልስ እንደሰጠ የሚጠይቅ የለም። ጤነኛ ከሆነ አያስፈልግምም። ጉበትን የሚያጠቃውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የሚከላከለውን ክትባት ሦስት ጊዜ ከወሰዱ ጤናማ ወጣቶች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት መከላከያውን ያበጃሉ። የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ፣ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ወይም ኩላሊት ተተክሎለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሦስቱንም ተወግቶ ያለ መከላከያ ሊቀር ይችላል። ይህን ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። የሚለየው አንቲ ኤችቢኤስ የሚባል የደም ምርመራ ነው።

ሄፓታይተስ ቢን ለምሳሌ የመረጥኩት በእጥበት ክፍል ውስጥ ከባድ ጠላት ስለሆነ ነው። የሕመምተኛው ደም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰውነቱ ወጥቶ በማሽን ተጣርቶ ይመለሳል። ቫይረሱ ደግሞ በደረቀ ጠረጴዛ ወይም በማሽን ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ሰውን የመያዝ አቅሙን ይዞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 በስኮትላንድ ኤድንበራ ከተማ በአንድ የእጥበት ክፍል የገባው ወረርሽኝ ከሕመምተኞቹ አልፎ የሚያክሟቸውን ሠራተኞች ሕይወት ቀጥፏል። ያኔ ክትባት አልነበረም። በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ ለእጥበት የሚመጡት ጎልማሶች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸውና በልጅነታቸው አልደረሳቸውም። አሁን፣ ሰውነታቸው ከደከመ በኋላ፣ መከተብ አለባቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ክትባቱ ውስጥ ቫይረሱ የለም፤ ያለው የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን ብቻ ነው። ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይህን ፕሮቲን ለይተው፣ በሲዲ ፎር ሴሎች እየታገዙ ይባዙና ፕሮቲኑን የሚይዝ፣ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ማምረት ይጀምራሉ። ኤችአይቪ የሚያጠፋው እነዚሁኑ አጋዥ ሲዲ ፎር ሴሎች ነው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ የመከላከያ ሴሎቹን ሥራ ያውካል። የተተከለ ኩላሊት እንዳይጣል የሚሰጡት መድኃኒቶች ደግሞ የነዚህን ሴሎች መባዛት ሆን ብለው ይገታሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ይህ ጉዳይ ለእኛም ሐኪሞች የቅርብ ሆኗል። ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ሰው ክትባቱን አስቀድሞ እንዲጨርስ የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

ልኬቱ በራሱ ውብ ሥራ ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም ከረጋ በኋላ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ብጫ ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ ይወሰዳል። በዘጠና ስድስት ጥቃቅን ጉድጓዶች በተከፋፈለ የፕላስቲክ ሳህን ላይ የቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን ቀድሞ ተለጥፏል። ሴረሙ ሲጨመር ተፈላጊው አንቲቦዲ ካለ ፕሮቲኑን ይይዛል፤ የተረፈው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል። አንቲቦዲ ሁለት ክንድ አለው። አንዱ ሳህኑ ላይ ያለውን ሲይዝ ሌላው ነፃ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀለም የሚያወጣ ምልክት የተያያዘበት ሌላ ፕሮቲን ሲጨመር ነፃው ክንድ እሱን ይጨብጣል። እንደገና ይታጠባል። በመጨረሻ ቀለሙን የሚያወጣው ኬሚካል ሲገባ አንቲቦዲ የበዛበት ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ያነሰበት ይገረጣል። የቀለሙ ድምቀት መጠናቸው አስቀድሞ ከታወቀ ናሙናዎች ጋር ተነጻጽሮ ወደ ቁጥር ይለወጣል። የዘዴው መሠረት የሆነው ኤላይዛ እ.ኤ.አ. በ1971 በስቶክሆልም በኢቫ ኢንግቫልና በፒተር ፐርልማን የቀረበ ሲሆን፣ በትልልቅ ሆስፒታሎች ዛሬ ይህንኑ ሥራ በብርሃን የሚለኩ ማሽኖች ይሠሩታል።

ተጠብቋል የሚያሰኘው ቁጥር 10 ነው፤ 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትር። በክትባት ጥናቶች ከተከተቡ በኋላ ከዚህ በላይ ያስመዘገቡ ሰዎች ከበሽታው ተጠብቀው መቆየታቸው ተደጋግሞ ስለታየ መለያ ሆኖ ጸና። ደሙ የሚቀዳው ከመጨረሻው ክትባት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነው። ጤነኛ ሰው አንዴ 10ን ካለፈ በኋላ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ቢወርድም የሴሎቹ ትውስታ ይጠብቀዋል። የእጥበት ሕመምተኛ ግን በትውስታው ሊተማመን አይችልም፤ ቁጥሩ ከ10 ሲወርድ በበሽታው የተያዙ አሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ይለካል፤ ሲወርድ ማጠናከሪያ ይሰጠዋል።

በብዛት ሲምታታ የማየው አንድ ነገር እዚህ መነገር አለበት። በየጤና ጣቢያው የሚደረገው የጣት ደም ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን ሽፋን ፕሮቲን ነው። «ነጋቲቭ ነህ» ሲባል ቫይረሱ አልተገኘብህም ማለት እንጂ ተጠብቀሃል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ክትባት ከተወሰደ እስከ 18 ቀን ድረስ የክትባቱ ፕሮቲን ራሱ በደም ውስጥ ተገኝቶ ምርመራውን ቫይረስ ያለ ሊያስመስለው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የሚደነግጥ ሰው ሊኖር አይገባም። ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ኢሚዩኖግሎቡሊን የወሰደ ሰውም ቁጥሩ ከፍ ቢል አንቲቦዲው የለጋሾቹ ነው፤ የራሱ ሰውነት ስለመመለሱ ምንም አይናገርም።

ከ10 በታች የሆነ ውጤት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ለእጥበት ሕመምተኞች ከመጀመሪያውም እጥፍ መጠን የሚሰጠው ብዙዎቹ በተለመደው መጠን ስለማይደርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ ኤችአይቪ ካለባቸው ሰዎች በተለመደው ሦስት ክትባት 10 የደረሱት 65 በመቶ ሲሆኑ፣ እጥፍ መጠን አራት ጊዜ ከወሰዱት 82 በመቶው ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀድሞ ተከትበው ምላሽ ላልሰጡ የኤችአይቪ ታካሚዎች አዲስ አነቃቂ ንጥረ ነገር ያለበትን ክትባት ሰጥቶ፣ በሁለት ክትባት 93 በመቶ፣ በሦስት ደግሞ 99 በመቶ ውጤት አግኝቷል። እነዚህን ሰዎች ሳይለኩ ማግኘት አይቻልም ነበር።

ሁሉም ክትባት እንዲህ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። በኮቪድ ጊዜ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች አካል የተተከለላቸውን 658 ሰዎች ለክተው ከሁለት ክትባት በኋላ አንቲቦዲ የተገኘው በ54 በመቶው ብቻ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳወቁ። ውጤቱ ሦስተኛ ክትባት ለነዚህ ሰዎች እንዲፈቀድ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ሆኖም «ከዚህ በላይ ከሆንክ ደህና ነህ» የሚል የጋራ መለያ አልተገኘም፤ ቫይረሱ ራሱን እየለወጠ ነበር፤ በልኬቱ የማይታዩት ቲ ሴሎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚያው ዓመት በአንቲቦዲ ምርመራ መጠበቅ አለመጠበቅን መወሰን እንደማይገባ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ልኬት ግን ሐኪሙ ነገ ምን እንደሚያደርግ የሚነግር ነው፤ ስለዚህ ለእጥበት ሕመምተኛ ምርመራውን እንደ ትርፍ ወጪ ማየት ስህተት ነው እላለሁ። የክትባቱ አካል ነው።

ሁለተኛ ዙር ተከትቦም ከ10 በታች የቀረ ሰው ቁጥሩ በካርዱ ላይ ይጻፍለት። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ደም ከነካው ሳይውል ሳያድር ኢሚዩኖግሎቡሊን እንደሚያስፈልገው ራሱም ነርሷም ማወቅ አለባቸው። ቤት ውስጥ አብረውት የሚኖሩትም ተመርምረው ይከተቡ፤ የነሱ ሰውነት ለክትባቱ መልስ መስጠት ይችላልና።