ወንፈል ከልጆች ጨዋታ ይጀምራል

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ገበሬ ወንፈል ሲገባ ውል አይጽፍም። ዛሬ የረዳው ጎረቤት ነገ ብድሩን እንደሚመልስ አምኖ በሬውንና ጉልበቱን ያውሳል። ይህ መተማመን ግን በራሱ አይበቅልም፤ በልጅነት የሚዘራ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ሥራውን ለመምህር ብቻ አልተወም፤ ወላጅንም ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ በገጠር የተስፋፉት መንገዶች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር የሚከፈተው ዜሮ ክፍልና «ልጅ ለልጅ» ናቸው። በልጅ ለልጅ ከፍ ያሉ ተማሪዎች በመምህር እየተመሩ ታናናሾቻቸውን በጨዋታ ፊደልና ቁጥር ያስለምዳሉ።

ደግነትም እንዲሁ በምክር ብቻ አይገኝም፤ በሥራ ይለመዳል። አንድ ኳስ ለአሥር ልጆች ሲሰጥ ተራ መጠበቅን፣ አዲስ መጪን ማስገባትን፣ ያስለቀሱትን ማባበልን ይማራሉ። የመታውን ልጅ ከመግረፍ ይልቅ «ጓደኛህን ምን አስለቀሰው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶ ልጆችን ከጓደኞቻቸው ለይቷል። ሰላም ባለበት መንደር ግን ልጅ ለልጅ በዋርካ ጥላ ሥርም ይካሄዳል።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች መቀመጫውንና የመጫወቻ ሜዳውን በደቦ ያሰናዱ፤ የልጆችን ጉዳይ በስብሰባ ያንሡ። ከሁሉም በላይ የተጣሉ ቤተሰቦች ቂማቸውን ለልጅ እንዳያወርሱ ሽማግሌ ይላኩ። አባቶች በድንበር ተጣልተው ልጆቹ አብረው እንዳይጫወቱ ከተከለከሉ፣ የክፍሉ ትምህርት በደጃፍ ይፈርሳል። ዛሬ በአንድ ኳስ የተስማሙ ልጆች ግን ነገ በመስኖ ውኃ ለመስማማት አይቸገሩም።