የካምፓላ የደንገል አጥር፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ስለሚኖሩ እንስሳት፥ ዕፀዋትና አደገኛ ፍጥረታት

በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ፥ ለምሳሌ በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፥ ኮራል የተባሉት ደቃቅ የባሕር እንስሳት የሚሠሩት የድንጋይ አጥር ማዕበልን ይሰብራል፤ ለትንንሽ ዓሦች መሸሸጊያ ይሆናል፤ መርዛምና ተናካሽ ፍጥረታትንም ያስጠጋል። ከባሕር የራቁ አገሮች ይህ አጥር የላቸውም። ነገር ግን ትልልቅ ሐይቆች ባሉበት ምድር ይህንኑ የመሰለ አገልግሎት የሚሰጥ ሕያው አጥር አለ፤ እርሱም የደንገል ረግረግ ነው። የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በእንዲህ ያለ አጥር ጀርባ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፥ የአጥሩን ጥቅምና በውስጡ የተሸሸገውን አደጋ ለይቶ ማወቅ በሐይቅ ዳር ለተሠራ ከተማ ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐይቁና ከተማው

ቪክቶሪያ ሐይቅ በስፋቱ በአፍሪካ አንደኛ ነው። ስፋቱ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ኡጋንዳ፥ ኬንያና ታንዛኒያ ይካፈሉታል። ከባሕር ወለል በላይ 1,130 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ነጭ ዓባይ ከዚህ ሐይቅ በጂንጃ በኩል ወጥቶ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ በካርቱምም ከጣና ከሚመጣው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ካምፓላ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር በኮረብታዎች ላይ ተሠርታለች፤ በኮረብታዎቹ መካከል ያሉት ሸለቆዎች ቀድሞ ደንገል የሞላባቸው ረግረጎች ነበሩ።

የደንገል ሥራ

የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል በካምፓላ ዳርቻም በብዛት ይበቅላል። ቁመቱ እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ይደርሳል። ሥሮቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ወፍራም ምንጣፍ ይሆናሉ። ከከተማ የሚወርደው ጎርፍ በዚህ ምንጣፍ ሥር ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አፈሩና ጭቃው ይዘቅጣል፤ በፍሳሹ ውስጥ ያለውንም ለተክል ምግብ የሚሆን ነገር ሥሮቹ ይመጡታል። ስለዚህ ቆሽሾ የገባው ውሃ ሻል ብሎ ይወጣል።

የካምፓላ ፍሳሽ የሚወርደው ናኪቩቦ በተባለው ቦይ ነው። ቦዩ በናኪቩቦ ረግረግ አልፎ መርቺሰን ወደሚባለው የሐይቁ የባሕር ሰላጤ ይገባል። ከተማው ከሚጠጣው ውሃም ጋባ ላይ የሚቀዳው ከዚሁ ሰላጤ ነው። በፍሳሹ መውጫና በመጠጥ ውሃው መቅጃ መካከል የቆመው ዋና ተፈጥሯዊ ማጣሪያ እንግዲህ ይህ ረግረግ ነበር። በ1999 የተደረገ ጥናት ረግረጉ ፍሳሽ በማጣራት ብቻ የሚሰጠውን አገልግሎት በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገምቶታል። ይሁን እንጂ ደንገሉ ለጎደሬና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ፥ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት እየተመነጠረ ሄደ። ውሃውም እየቆሸሸ በሄደ ቁጥር ለማጣራት የሚፈልገው መድኃኒትና ወጪ በዛ።

በደንገሉ ውስጥ የሚኖሩት

በረግረጉ ከሚኖሩት ፍጥረታት አንዱ በሉጋንዳ ቋንቋ ማምባ የሚባለው ዓሣ ነው። ማምባ ሳንባ ስላለው ከውሃው በላይ ብቅ እያለ አየር ይስባል፤ ውሃው ሲደርቅም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዝናብ ይጠብቃል። ከቡጋንዳ ጎሣዎች አንዱ በዚህ ዓሣ ስም ይጠራል። ማምባን አድኖ ከሚበላው ወፍ ደግሞ ምንቃሩ እንደ ጫማ የሰፋው ረጅሙ ግራጫ ወፍ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ከኢንቴቤ በስተ ምዕራብ ማባምባ በሚባለው ረግረግ ይታያል። ማባምባ ከ2006 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተመዘገቡት ረግረጎች አንዱ ሆኗል። እንደ ድኩላ ያለው ሲታቱንጋ ሰኰናው ረጅምና የተከፈለ በመሆኑ በጭቃው ላይ ሳይሰጥም ይሄዳል፤ ሲያባርሩትም አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ በውሃ ውስጥ ይደበቃል።

በደንገሉ ሥር ያለው ውሃ አየር ያንሰዋል። ይህም ጉድለት ቢመስልም ለትንንሾቹ ዓሦች መዳኛ ሆኗል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ለውጭ ገበያ ብዙ ገንዘብ ቢያስገኝም፥ በሐይቁ ብቻ ይገኙ ከነበሩት በመቶ ከሚቆጠሩ የትንንሽ ዓሣ ዓይነቶች ብዙዎቹ እንዲጠፉ ምክንያት ሆኗል። ናይል ፐርች ብዙ አየር ስለሚፈልግ ወደ ደንገሉ ጥላ አይደፍርም፤ ከትንንሾቹም አንዳንዶቹ የተረፉት በዚያ ተጠግተው ነው።

ትልልቆቹና ትንንሾቹ አደገኞች

ሰው ሐይቅ ዳር ሲቆም አስቀድሞ የሚፈራው አዞን፥ ጉማሬንና ዘንዶን ነው፤ ፍርሃቱም በከንቱ አይደለም። አዞ ውሃ ቀጂንና ዓሣ አጥማጅን አድፍጦ ይነጥቃል። ጉማሬ በሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ካገኘም ያጠቃል። ነገር ግን በዚህ ዳርቻ ብዙ ሕዝብ የፈጁት በዓይን የሚታዩት አውሬዎች አይደሉም።

ከ1900 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት የእንቅልፍ በሽታ በኡጋንዳ የሐይቅ ዳርቻ ከ200,000 የማያንስ ሰው ገደለ። በሽታውን የምታስተላልፈው በኢትዮጵያ ቆላዎች ከብትን ገንዲ የምታሲዘው የጼጼ ዝንብ ዘመድ መሆኗ በ1903 በዴቪድ ብሩስ ምርመራ ታወቀ። ከ1906 በኋላ አገር ገዢው ሄስኬት ቤል የዳርቻው ሕዝብ ከዝንቧ ርቆ እንዲሰፍር አዘዘ፤ የካምፓላ ወደብ ፖርት ቤል የተሰየመውም በእርሱ ስም ነው።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። የበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ሆኖም የዳነ ሰው ወደዚያው ውሃ ቢመለስ እንደ ገና ይያዛል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ያስተዋሉት ነገር የሚታወስ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። ከዚህም የተነሣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ታወቀ።

ሦስተኛው እንስሳ ሳይሆን ተክል ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በ1980ዎቹ መጨረሻ በሐይቁ ታየ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽም የፖርት ቤልን የመርከብ መንገድ ዘጋ። ከ1995 ጀምሮ እምቦጭን ብቻ የሚበሉ ትንንሽ ጥንዚዛዎች ተለቀቁበት፤ በእጅና በመሣሪያም ተነቀለ፤ እስከ አሥርቱ ዓመት መጨረሻም እጅግ ቀነሰ። ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ የከተማ ፍሳሽ ለእምቦጭ እንደ ማዳበሪያ ነውና። በ2011 ገደማ ይኸው አረም ጣናን ያዘ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት በ1995 ረግረጎችን መንግሥት ለሕዝብ በአደራ እንዲጠብቃቸው ደንግጓል፤ በ2000 የወጣው ደንብም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር 200 ሜትር ስፋት ያለው ጥብቅ ክልል እንዲኖር አዟል። የናኪቩቦ ሁኔታ ግን ሕግ ብቻውን አጥር እንደማይሆን ያሳያል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር ያለ ከተማ የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ፤ ደንገልን እንደ ባዶ መሬት ለእርሻና ለቤት መሥሪያ አለመስጠት።

2ኛ፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ሐይቅ እንዳይገባ መከልከል፤ ቢልሃርዚያም እምቦጭም የሚበረቱት በዚህ ነውና።

3ኛ፤ እንግዳ ዓሣ ወይም ተክል ያለ ምርመራ ወደ ውሃ እንዳይለቀቅ መጠበቅ።

4ኛ፤ ልጆች በሐይቅ ዳር ሲዋኙ አዞን ብቻ ሳይሆን ቀንድ አውጣውንም እንዲጠነቀቁ ማስተማር።

አዞ የሚነጥቀው አንድ ሰው ነው፤ የተበላሸ ውሃ ግን ከተማን በሙሉ ይጎዳል። ደንገሉን የጠበቀ ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ ጠበቀ።