የፌዴራል ዳኛ ሥራና የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ታሪክ

እኛ የጥሊሊ ልጆች «ፍርድ ቤት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ፍርዱ ቅር ያሰኘው ባለጉዳይም ይግባኙን ይዞ ወደ እንጅባራ ይሄዳል። አንዳንድ ጓደኞቼ ግን «የፌዴራል ዳኛ የሚባለው ማን ነው? እኛስ ዘንድ ለምን የለም?» ብለው ስለ ጠየቁኝ የማውቀውን ልገልጽላቸው ወደድሁ።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ፥ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ምስክር የሚሰማው፥ ማስረጃ የሚመዘነውና ተከሳሽ በመጀመሪያ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ዘንድ ነው። በክልል ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ሥልጣን ደርቦ ስለ ያዘ፥ የፌዴራል ጉዳይ ያለበት የጥሊሊ ሰው አዲስ አበባ ድረስ መድከም አያሻውም። የፌዴራል ዳኞችን የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 79 ደግሞ ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ ያዛል።

ይህ ቃል በሥራ ላይ ሲውል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየን የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ታሪክ ነው። እርሳቸው አዲስ አበባ ተወልደው፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፥ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ከፊታቸው ቀረቡ። ዳኛዋም ጉዳዩን መርምረው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ነገር ግን ተጠርጣሪው ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ዳኛ ብዕር እንጂ ጠመንጃ የለውም፤ ትእዛዙን የሚፈጽምለት ያው ፖሊስ ነውና! ወዲያውም ምክር ቤቱ በሙስና የተያዘ ሰው የዋስ መብት እንዳይኖረው የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 239 አወጣ። አቶ ስዬም ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ።

እኔ በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ ተከሳሹ ትልቅ ሰው መሆናቸው አይደለም። ባለሥልጣኖቹ የጠሉትን ሰው ዳኛዋ እንደ ማንኛውም ተከሳሽ መመልከታቸው ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን በኋላ ዳኝነቱን ትተው ወደ ፖለቲካ ገቡ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች አንዷ ሳሉ ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ፤ በ2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሽሮ እንደ ገና ታሰሩና በ2003 ዓ.ም. ወጡ። ከዚያም በአሜሪካ ሐርቫርድ ተምረው፥ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ያ የዋስትና ክልከላ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ላልቶ፥ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ የሙስና ወንጀል ለተከሰሱት ብቻ እንዲሆን ተደረገ።