የፀረ-ቫይረስ ዋጋ በደብረ ማርቆስ
በደብረ ማርቆስ ለሱቁ አዲስ ኮምፒውተር የሚገዛ ነጋዴ ለፀረ-ቫይረስ ተጨማሪ መክፈል አለበት? የታወቁት ፀረ-ቫይረሶች ፈቃድ በዶላር ስለሚተመን ዋጋቸው ምንዛሪን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ለምሳሌ የ30 ዶላር ፈቃድ ከ1,700 ብር ወደ 3,000 ብር ወጣ ማለት ነው።

በአንጻሩ ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ዲፌንደር ከተባለ ነፃ ፀረ-ቫይረስ ጋር ይመጣል። ለተራ የሱቅ ሥራ ይበቃል፤ ካልታደሰ ግን ይደክማል። የሚታደሰው በኢንተርኔት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በዚሁ መስመር የሚታደስ ሁሉ፣ የተከፈለበትም ጭምር፣ ባለበት ቀረ። ቫይረስ ግን መስመር አይጠብቅም፤ በፍላሽ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል።

ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን በቅድሚያ ለኢንተርኔት ጥቅልና የሒሳቡን ቅጂ ለሚያኖርበት ተጨማሪ ዲስክ ቢያውል ያዋጣዋል።