በረዶ ሲወርድ በር የማይዘጉ እናቶች

ብርድ ሲበረታ የእናት የመጀመሪያ ቃል «ግባ! ብርድ ይመታሃል!» የሚል ነው። በሐምሌ ሰማዩ ሲጠቁር ልጅ ከደጅ ይጠራል፣ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይከደናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናወጋዎ ያሰብነው ግን ብርዱ ሲጠና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውጭ ስለሚወጡ እናቶችና ይህን እንዲያደርጉ ስለሚረዳቸው የሠፈር ክበብ ነው። አገሩ ኖርዌይ፣ ከተማው ኦስሎ ነው። ስፖርቱም በሩጫ ቋንቋችን «አገር አቋራጭ» ልንለው የምንችለው የበረዶ ሸርተቴ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።)

በመጀመሪያ በረዶውን እንወቀው። እኛ በረዶ የምንለው በቆርቆሮ ላይ እየተንኳኳ የሚወርደውንና ሰብል የሚያደቀውን ነው። የኖርዌዩ ድምፅ የለውም፤ እንደ ባዘቶ እየበነነ ይወርድና ጣራውንም ዛፉንም መንገዱንም ያለብሳል። ከብርዱ ይልቅ ደግሞ የሚከብደው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ በኦስሎ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ከጧቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች። የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። ሠራተኛዋ እናት ከቤቷ ስትወጣ ጨለማ፣ ሕፃኗን ከመዋያው ወስዳ ስትመለስም ጨለማ ነው። እንግዲህ እርስዎ በእርሷ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? በሩን ዘግቶ መቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ወራት አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ብቻ አይደለም። ሮጦ ያልደከመ ልጅ ማታ አይተኛም፤ ልጅ ያልተኛላት እናት ደግሞ በማግሥቱ በሥራዋ ላይ ምን እንደምትመስል ለእርስዎ አንነግርም።

ኦስሎ ዙሪያዋን በደን የተከበበች ከተማ ናት። በ1883 በዚያ የተመሠረተው «ሺፎሬኒንገን» የተባለው ማኅበር፣ ትርጉሙም የስኪ ማኅበር ማለት ነው፣ ዛሬም በዚህ ደን ውስጥ ያሉትን የመንሸራተቻ መንገዶች ይንከባከባል፤ ለልጆችም የስኪ ትምህርት ቤት አለው። ስኪ የሚባለውን ኖርዌዮች «ሺ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ቃሉ በጥንቱ ቋንቋቸው ተሰንጥቆ የወጣ እንጨት ማለት ነበር። በደኑ ውስጥ ያሉት መንገዶች ርዝመት ከ2 ሺ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በእነርሱ ላይ ለመንሸራተት ማንም ገንዘብ አይጠየቅም። የከተማው ባቡር እስከ ደኑ ጫፍ ስለሚደርስ ቅዳሜና እሑድ ረጅም ስኪ የያዙ አያቶች፣ እናቶችና ልጆች ባቡሩን ሞልተውት ይታያሉ። በከተማው ዙሪያ ደግሞ መብራት የተተከለባቸው መንገዶች ስላሉ ጨለማው ሰውን ከመውጣት አያግደውም።

ከትልቁ ማኅበር ሌላ በየሠፈሩ የየራሱ የስፖርት ክበብ አለ። የክበቡ ዋና ሥራ የሚታየው በሳምንቱ መካከል ማታ ነው። ልጆቹ በዕድሜ በዕድሜያቸው ይመደባሉ፤ ትንንሾቹ ምርኩዝ አይዙም። እጃቸውን ባዶ አድርገው በስኪው ላይ መቆም፣ መውደቅና መነሣት ይማራሉ። በተለይ መነሣቱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሁለት ረጅም ጣውላ እግሩ ላይ የታሰረበት የ5 ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚነሣ እስኪገባው ድረስ እንደ ጢንዚዛ በጀርባው ይንፈራገጣል። አሠልጣኞቹ በቶሎ እጅ አይሰጡትም፤ በጎንህ ተገልበጥ፣ ጉልበትህን እጠፍ እያሉ ራሱ እስኪነሣ ይጠብቁታል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በአብዛኛው ጨዋታ ነው፤ አባሮሽ፣ ትንንሽ ጉብታ መዝለል፣ በሰልፍ ቁልቁል መውረድ።

አሠልጣኞቹ እነማን ናቸው ቢሉ፣ በብዛት የልጆቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ኖርዌዮች ይህን «ዱግናድ» ይሉታል፤ ለእኛ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ደቦ ነው። ቃሉን እጅግ ስለሚወዱት በ2004 የአገራቸው ብሔራዊ ቃል አድርገው መርጠውታል። የእኛ ደቦ እርሻና ቤት ሥራ ላይ ሲውል የእነርሱ የልጆችን የመጫወቻ ወራት ያቆማል። አንዱ ወላጅ በመኸር ወደ ደኑ ወጥቶ ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ሌላዋ የመመዝገቢያውን ደብተር ትይዛለች፣ ሌላው በውድድር ቀን መኪናዎችን ያስተናብራል፣ ሌላዋ ዋፍል የሚባለውን በብረት መጥበሻ የሚጋገር ለስላሳ ቂጣ እየጋገረች ትሸጣለች፤ ገቢውም ለክበቡ ይውላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ደቦ በተጠራበት ቦታ ሁሉ መጥበሻውን ለሴት፣ የሰዓት መያዣውን ለወንድ የመስጠት ልማድ በየትም አገር ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ክበብ የሚያቋቁም ሰው ተራው በጽሑፍ እንዲሆን ቢያደርግ መልካም ነው።

ልብሱ ለእናቶች ዋናው ጉዳይ በመሆኑ ትንሽ እንቆይበት። ብዙ ሰው ብርድን የሚከላከለው ወፍራም ካፖርት ይመስለዋል። የሚንሸራተት ሰው ግን ያልበዋል፤ ላቡ ደግሞ እረፍት ሲደረግ ይቀዘቅዝና ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ስለሆነም ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ልብስ ከበግ ፀጉር የተሠራ ስስ ሹራብ እንዲሆን ይደረጋል፤ የበግ ፀጉር ርሶም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። የጥጥ ካናቴራ ላብ መጥጦ ስለሚያስቀር ለዚህ አይመከርም። በላዩ ሌላ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፤ ከዚያም ኮፍያ፣ ጓንትና አንድ ትርፍ ካልሲ። በጀርባ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ብርቱካንና በፔርሙዝ የተያዘ ትኩስ ካካዎ አይጠፋም። እጁ የቀዘቀዘ ልጅ ስለ ስኪ የሚነግሩትን አይሰማም፤ ሆዱ የጠገበና እጁ የሞቀ ልጅ ግን ሌላ ዙር ካልዞርኩ ይላል።

መንሸራተቱ ራሱ ከእርምጃ ብዙ አይርቅም። ማሽን ቀደም ብሎ በበረዶው ላይ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቦዮች ያወጣል፤ ስኪዎቹ በእነርሱ ውስጥ ይገባሉ። ግራ እግር ወደ ፊት ሲሄድ ቀኝ እጅም ወደ ፊት ይሄዳል፣ እንደ መንገደኛ። ታዲያ ያ የሚያዳልጥ ነገር ዳገት ላይ ለምን ወደ ኋላ አይመልስም? ስኪው መካከሉ ላይ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ ነው። ሰውየው በአንድ እግሩ ሲጫነው መካከሉ በረዶውን ይነካል፤ በዚያ ቦታ ላይ የተቀባው ሰም በረዶውን ይዞ ያስገፋዋል። ክብደቱን ሲያነሣ መካከሉ ከፍ ይልና ስኪው ይንሸራተታል። ሰሙ እንደ ብርዱ መጠን ስለሚለያይ ወላጆች ማለዳ ቴርሞሜትር አይተው ይከራከሩበታል። አሁን አሁን ግን ከሥሩ ሰሙን የሚተካ የፀጉር ቁራጭ የተለጠፈበት ስኪ በመምጣቱ ብዙ እናቶች ከዚህ ጣጣ ተገላግለዋል።

ስለ ሰም ካነሣን አይቀር፣ ለፍጥነት ሲባል ለብዙ ዓመታት ፍሎሪን ያለበት ሰም ይቀባ ነበር። ይህ ንጥረ ነገር በአፈርና በውኃ ውስጥ ሳይፈርስ የሚቆይ ሲሆን፣ በሙያው በተሠማሩ ሰም ቀቢዎች ደም ውስጥም መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023–24 የውድድር ወቅት ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ ከልክሎታል። አሮጌ ስኪ ከጓዳ አውጥቶ ለልጅ የሚሰጥ ወላጅ የቀድሞውን ሰም በሚገባ ማስወገድ አለበት።

አሁን ወደ ውድድር እንምጣ፤ በእኛ ዘንድ ስፖርት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው አንደኛ መውጣት ነውና። የኖርዌይ የስፖርት ፌዴሬሽን በ2007 የልጆችን መብት በስፖርት ውስጥ የሚመለከት ደንብ አጽድቋል። በዚህ ደንብ መሠረት 11 ዓመት የሚሞሉበት ዓመት እስኪደርስ ድረስ ለልጆች የደረጃ ዝርዝር አይወጣም፤ ሽልማት ከተሰጠም ለተሳተፉት ልጆች ሁሉ ይሰጣል። አንዳንድ አንባቢ «እንዲህማ ከሆነ ጎበዝ ከየት ይወጣል?» ሊል ይችላል። 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ይህች አገር በ2018ቱ የክረምት ኦሊምፒክ 39፣ በ2022ቱ ደግሞ 37 ሜዳልያ አግኝታ በሁለቱም ጊዜ አንደኛ ወጥታለች። ልጁን በ7 ዓመቱ «አንተ አትረባም» ብሎ ያላባረረ ክበብ ልጁ በ17 ዓመቱ ምን እንደሚሆን የማየት ዕድል አለው።

ዛሬ እናትና ልጅ አብረው በሚንሸራተቱበት መንገድ ላይ ሴት ልጅ በቀላሉ እንዳልገባች ማወቅ ይገባል። በጎረቤቷ ስዊድን ከ1922 ጀምሮ በሚካሄደው የ90 ኪሎ ሜትር የቫሳሎፔት ውድድር ማርጊት ኖርዲን የተባለች ሴት በ1923 ተወዳድራ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ምላሹ ምን ሆነ? በተከታዩ ዓመት ሴቶች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ክልከላውም ተነሥቶ ሴቶች በይፋ የተሰለፉት በ1981 ነው። እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደውን እናት ያየ ሰው ርቀት ለሴት አይሆንም የሚለውን አነጋገር በምን ዓይኑ እንደሚያየው እርስዎ ይፍረዱ። በኦሊምፒክም ቢሆን ወንዶች ከ1924 ጀምሮ ሲንሸራተቱ ሴቶች የተፈቀደላቸው በ1952 በዚያችው በኦስሎ፣ ለ10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በዓለም ዋንጫ ውድድር የሴቶችና የወንዶች ርቀት እኩል እንዲሆን የተወሰነው በ2022 ነው። በመጋቢት 2023 በኦስሎው ሆልመንኮለን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በ50 ኪሎ ሜትር ተወዳደሩ።

ከእናቶች ወገን ማሪት ቢዮርገንን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ይህች ኖርዌያዊት በ2015 መጨረሻ ልጅ ከወለደች በኋላ በ2017 በፊንላንድ ላህቲ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 4 ወርቅ፣ በ2018ቱ ኦሊምፒክ ደግሞ 5 ሜዳልያ ወስዳለች። በጠቅላላው የኦሊምፒክ ሜዳልያዎቿ 15 ናቸው። እርግጥ ነው፣ እርሷ ሥራዋ ስፖርት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ወይም ቢሮ ስታጸዳ የዋለች እናት ከእርሷ ጋር አትወዳደርም።

እንዲህ ያለችው እናት ደግሞ ኢትዮጵያዊት ልትሆን ትችላለች። ኦስሎ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በስፖርት ክበቦች ውስጥ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ቁጥራቸው አነስተኛ እንደሆነ በዚያ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ስኪው፣ ጫማው፣ ልብሱ ውድ ነው፤ ልጅ በየዓመቱ ስለሚያድግም በየዓመቱ ይለወጣል። በፈረቃ የምትሠራ እናት ለደቦው ተራ አይመቻትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሷ በልጅነቷ ያልቆመችበትን ነገር ለልጇ ማስተማር አትችልም። ትምህርት ቤቱ «ነገ የስኪ ቀን ነው» ብሎ ወረቀት በላከ ጊዜ የሌሎቹ ልጆች በደስታ ሲዘሉ የእርሷ ልጅ «ሆዴን አሞኛል» ቢል ሕመሙ የት እንዳለ እናት ታውቃለች።

ስኪ ለእኛ ሰው አልተፈጠረም የሚል ካለ ግን መልሱ አጭር ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በጣሊያን ቶሪኖ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2010ም በቫንኩቨር ተመልሶ ተሰልፏል።

እንግዲህ እህትዎ ወይም ጓደኛዎ ከኦስሎ ደውላ ጨለማው እንደከበዳትና ልጆቹም ከቤት አልወጣ እንዳሏት ብትነግርዎ፣ ይህን ይንገሯት። አዲስ ስኪ መግዛት የለባትም፤ «ቡአ» በተባለው አገልግሎት በብዙ ቦታ ለልጆች የስፖርት ዕቃ ያለ ክፍያ ይዋሳል። በየሠፈሩ ያገለገለ ስኪ የሚለዋወጡበትና በርካሽ የሚሸጡበት ገበያም አለ። በረዶው ራሱ እንደ ድሮው አስተማማኝ አይደለም፤ የአየር ንብረቱ እየሞቀ በመሄዱ በዝቅተኛው ቦታ በረዶ የሚቆይባቸው ቀኖች ቀንሰዋል፣ አንዳንድ ክበቦችም በማሽን በረዶ እየሠሩ ነው። ስለዚህ ጥሩ በረዶ በወረደበት ቀን ዛሬ ነገ ባትል ይሻላል። በመጀመሪያው ማታ ራሷ ስኪ ማሠር አያስፈልጋትም። ልጁን አሠልጥነው ሲያዞሩት ከዋፍሉ ጠረጴዛ አጠገብ ትቁም፣ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ሻይ ትጠጣ፣ የልጆቻቸውንም ስም ትጠይቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ለደቦው ሲመዘገብ የምትችለውን ሰዓት ትንገራቸው፤ ቡና አፍልታ ብታመጣም በዚያ ብርድ የሚጠላ የለም።