ከፍሬን ጥገና በኋላ ፔዳሉ ሲላላ ምን መደረግ አለበት?

የፍሬን ሸራን በራስ መቀየር ወጪን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ከሥራው በኋላ ፔዳሉ ከላላ ወይም እስከ ወለሉ ከወረደ ተሽከርካሪው ጉዞ መጀመር የለበትም። በወልድያ፣ በመርሳና በአጠቃላይ በሀብሩ ወረዳ ለሚንቀሳቀሱ ባለንብረቶች ጉዳዩ ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ከጋሸና በድልብ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ረጅምና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያለው በመሆኑ የላላ ፍሬን ዕድል አይሰጥም።

ፔዳሉ ለምን ይላላል?

የእግር ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚደርሰው በፍሬን ዘይት ግፊት ነው። ዘይት በግፊት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። በጥገና ወቅት ወደ መስመሩ አየር ከገባ የእግሩ ኃይል አየሩን በመጭመቅ ይባክናል።

ምክንያቱን ለመለየት

ሞተሩ ጠፍቶ የሚከተሉትን ማጣራት ይቻላል፦

• ፔዳሉ ደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ ብሎ የሚጠነክር ከሆነ፣ አየር ገብቷል ወይም የኋላ ታምቡር ሸራዎች ክፍተት አልተስተካከለም።

• ተረግጦ ሲያዝ ቀስ በቀስ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም የዋናው ፍሬን ፓምፕ የውስጥ ጎማ ተበላሽቷል።

• አየር በተደጋጋሚ ወጥቶም ካልተስተካከለ፣ የግራና የቀኝ ካሊፐሮች ተቀያይረው ተገጥመው ሊሆን ይችላል። የአየር ማስወጫው ቡሎን ከላይ በኩል ካልሆነ አየሩ ውስጥ ይቀራል።

አየር የማስወጣት ሥራ

ሥራው በሁለት ሰዎች ይከናወናል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው ቡሎኑን ይከፍታል፤ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ቡሎኑ መዘጋት አለበት። የአምራቹ መመሪያ ሌላ ቅደም ተከተል ካላዘዘ በስተቀር ከፓምፑ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። የዘይት ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ አየር እንደገና ስለሚገባ በየመሐሉ መሞላት ይኖርበታል። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይጨመርም።

የዘይቱ ጥራት

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 4 ዘይት ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ለሳበው ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ዲግሪ ነው። ፍሬን በቁልቁለት ሲግል አሮጌ ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ይፈጥራል፤ በሜዳ ደህና የነበረው ፔዳልም ድንገት ይወርዳል። ስለዚህ በአምራቹ የታዘዘውንና ከታሸገ ዕቃ የተከፈተውን ዘይት መጠቀም ይገባል።

ከጉዞ በፊት

አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ተሽከርካሪው ቆሞ ሊረገጥ ይገባል። ቀጥሎም መገጣጠሚያዎቹ ዘይት አለማፍሰሳቸው ይታያል፤ ፍሬኑም ሜዳማና ሰው በሌለበት ስፍራ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞከራል። ፔዳሉ አሁንም ከላላ ተሽከርካሪው ሳይነዳ በመጎተቻ ወደ ጋራዥ መወሰድ ወይም ባለሙያ ወዳለበት መጠራት አለበት። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍም ከዚያ በኋላ ለተሠራ ጥገና ማረጋገጫ አይሆንም።