ከደረት አጥንት ጀርባ ያለ ዕጢ

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ሲወርዱ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። ከነሱ መካከል ዕድሜያቸው 65 የሆነ አንድ አባት አሉ እንበል። ሳል ከያዛቸው ሰንብቷል፤ ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ጠዋት ሲነሱ ፊታቸውና አንገታቸው አብጦ ይታያል። ጎረቤት «ሳንባ ነው» ይላል። ሐኪሙም መጀመሪያ ቲቢን ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ በሽታው አገራችን ውስጥ ገና ብዙ ነው። ራጁ ግን ከደረት አጥንት ጀርባ፣ በሁለቱ ሳንባዎች መሃል፣ ትልቅ ጥላ ያሳያል። ፊት የሚያብጠው ከላይ ወደ ልብ የሚወርደውን ትልቁን የደም ሥር ዕጢው ስለሚጫነው ነው።

በዚህ ዕድሜ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የቲመስ ዕጢ፣ ሊምፎማ፣ ከአንገት ወደ ደረት የወረደ እንቅርት ወይም ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር ናቸው። የዘር ህዋስ ዕጢ የሚታሰበው ከሁሉም መጨረሻ ነው። አደገኛው ዓይነት በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉ ወንዶችን ስለሚይዝ፣ በሽማግሌ ደረት ውስጥ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

የዘር ህዋስ ደረት ውስጥ ምን አገባው? ብዙ ሊቃውንት የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው፦ ጽንሱ ገና የጥቂት ሳምንት ዕድሜ ሳለ፣ ኋላ የወንድ ወይም የሴት ዘር የሚሆኑት ህዋሳት ከተፈጠሩበት ተነሥተው የሰውነትን መሃል መስመር ይዘው ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከቀሩት አንዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊያምፅ ይችላል። ዕጢው ደረት ውስጥ፣ ሆድ ጀርባና አንጎል መሃል የሚገኘውም ለዚህ ነው ይባላል። ሁሉም ካንሰር አይደለም፤ ቴራቶማ የሚባለው በውስጡ ፀጉር፣ ስብ፣ አንዳንዴም ጥርስ ይዞ ሳያስቸግር ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ዋና መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው።

አደገኛውን ለመለየት ሁለት የደም ምርመራዎች ይረዳሉ፦ አልፋ ፌቶፕሮቲንና ቤታ ኤችሲጂ። ሁለተኛው ሴቶች እርግዝናቸውን የሚያረጋግጡበት ሆርሞን ነው። ዕጢው ካመነጨው የአዛውንት ሽንት በእርግዝና መመርመሪያ ላይ «አለ» ሊል ይችላል! በመጀመሪያው ላይ ግን ሐረር ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። አልፋ ፌቶፕሮቲን በጉበት በሽታና በጉበት ካንሰርም ይጨምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በሐረር ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ደግሞ ጫት መቃምን ከሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲታይ ጉበቱም መታየት አለበት። የወንድ የዘር ፍሬም በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ዕጢው ከዚያ ተነሥቶ ተዛምቶ ሊሆን ይችላልና።

በአዛውንት ላይ ቁጥር ብቻውን አይታመንም፤ ሌሎች ካንሰሮችም እነዚህኑ ንጥረ ነገሮች ሊያመነጩ ይችላሉ። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂስት ሊያየው ይገባል። ናሙና መውሰድ «በሽታውን ይበትነዋል» ተብሎ ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ግን ሳይታወቅ የተሰጠ መድኃኒትን ነው።

ይህን ያህል የሚደከመው ብርቅ በሽታ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የዘር ህዋስ ካንሰር ከተዛመተ በኋላም ሊድን የሚችል ሆኗል። ደረት ውስጥ የተነሣው ሴሚኖማ የተባለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ሌላው ዓይነት ብርቱ ነው፤ ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉን ይገድላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ከሐረር የሚሄድ ሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ለዚህ ዕጢ ግን ዋናው መሣሪያ ኬሞቴራፒ ነው።

ዕድሜ ጥያቄ የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። አብሮ የሚሰጠው ብሊዮማይሲን ሳንባ ላይ ጠባሳ ሊያስከትል ይችላል፤ አደጋውም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። በብርቱው ዓይነት ከኬሞው በኋላ የቀረውን ዕጢ ለማውጣት ደረት መከፈቱ ብዙ ጊዜ ስለማይቀር ብዙ ሐኪሞች በእሱ ምትክ አይፎስፋማይድን ይመርጣሉ። ብሊዮማይሲን የወሰደ ሰው ኋላ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ቢገባ፣ ዓመታት ቢያልፉም እንኳ፣ ለሰመመን ባለሙያው አስቀድሞ ይንገር፤ ብዙ ኦክስጅን ሳንባውን ሊጎዳው ይችላል።